የሄሪንጉ ትል

ኔዘርላንዶች ለሄሪንግ ያላቸው ፍቅር እኛ ለጥሬ ሥጋ ካለን ፍቅር አያንስም። በየዓመቱ በሰኔ ወር የወቅቱ የመጀመሪያ ሄሪንግ ወደብ ሲደርስ የባሕር ዳር ከተሞች ባንዲራ ይሰቅላሉ፤ ሕዝቡም ወደ ዓሣ መሸጫው ይጎርፋል። በላተኛው ዓሣውን በጭራው ያነሣና ቀና ብሎ ወደ አፉ ይሰደዋል፤ ወይም ከተከተፈ ሽንኩርት ጋር ያጣጥመዋል። ሥጋው ጨው ነክቶታል እንጂ እሳት አላየም። ይህ ትረካ የዚያ ዓሣና በሆዱ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚኖር የአንድ ነጭ ትል ታሪክ ነው። ትሉ አኒሳኪስ ይባላል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከትሉ ዝና በፊት ቢላዋው ነበረ። በትውፊት እንደሚነገረው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቢርቭሊት በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖር የነበረ ቪለም ቤውከልስዞን የተባለ ዓሣ አጥማጅ አንድ ዘዴ አበጀ። ሄሪንጉ እንደተያዘ እዚያው መርከቡ ላይ በአጭር ቢላዋ ስንጥቡ ይወጣል፤ አብዛኛው የሆድ ዕቃም አብሮ ይጎተታል። ሥጋውን የሚያለሰልሰውና ጣዕም የሚሰጠው ቆሽት ግን እንዲቀር ይደረጋል። ከዚያ ዓሣው በጨው ተደርድሮ በርሜል ውስጥ ይታሸጋል። በዚህ መንገድ የተዘጋጀው ሄሪንግ ለወራት ስለሚቆይ ለኔዘርላንዶች ትልቅ የንግድ ሀብት ሆነላቸው።

የእነዚያ ዓሣ አጥማጆች ሐሳብ ዓሣው እንዳይበላሽ ነበር። ሆኖም ሳያውቁት በላተኛውን ከበሽታ እየጠበቁ ነበር። ትሉ በአብዛኛው የሚኖረው በዓሣው ሆድ ዕቃ ላይ ነው፤ ሆድ ዕቃው ቶሎ ሲወጣ እሱም አብሮ ይጣላል። ወደ ሥጋው የዘለቀው ካለም ለሳምንታት በከባድ ጨው ውስጥ ሲቆይ ይሞታል። ቢላዋውና ጨው ሥራቸውን ስለሠሩ ብዙ ትውልድ ጥሬውን ሄሪንግ በጤና በላ።

ትሉን በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው በስዊድን የተወለደው የጀርመን የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል አስሙንድ ሩዶልፊ ነው። በ1809 ስለ ጥገኛ ትሎች በጻፈው ሥራው ከወስፋት ወገን መደበው። ሁለቱ በእርግጥም ዘመዳሞች ናቸው። በ1845 ፈረንሳዊው ፌሊክስ ዱዣርዳን አኒሳኪስ የሚለውን ስም አወጣ። በ1878 ደግሞ ዴንማርካዊው ሃራልድ ክራበ የቅርብ ዘመዱን፣ በኮድ ዓሣ ሥጋ ውስጥ የሚገኘውንና ቡናማ ቀለም ያለውን ትል ገለጸ። ለእነዚህ ሰዎች ትሉ የዓሣ ነባሪና የዓሣ ጉዳይ ነበር። ሰውን ያሠጋል ብሎ የሚጨነቅ ብዙ አልነበረም።

የትሉን ሙሉ የሕይወት ጉዞ ለማወቅ ብዙ የምርምር ዓመታት አስፈልገዋል። ያደገው ትል የሚኖረው በዓሣ ነባሪና በዶልፊን ጨጓራ ውስጥ ነው፤ የኮዱ ትል ደግሞ የሚያድገው በባሕር ዳርቻዎች በሚኖሩት አቆስጣዎች ሆድ ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከእንስሳው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ባሕር ይወጣና እዚያ ይፈለፈላል። ደቃቁን እጭ ክሪል የሚባሉ ሽሪምፕ መሰል ፍጥረታት ይውጡታል። ክሪሉን ሄሪንግ፣ ማከሬል ወይም ስኩዊድ ይበላዋል፤ ትንሹን ዓሣ ትልቁ ይበላዋል። እጩም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ በየሆዱ ተጠቅልሎ ይጠብቃል። ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው ይህ ነጭ እጭ ዓሣ ነባሪ ዓሣውን የበላ ዕለት ተፈታትቶ ያድጋል፤ ዑደቱም ይዘጋል።

ሰው በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ቦታ የለውም። ዓሣ ነባሪውን ቀድሞ ዓሣውን ጥሬውን ሲበላ እጩ የማያውቀው ጨጓራ ውስጥ ይገባል። እዚያ ማደግም መራባትም አይችልም፤ ግን ከመሞቱ በፊት የጨጓራውን ወይም የአንጀቱን ግድግዳ ሊበሳ ይሞክራል። በሽታው የሚነሣው ከዚህ ሙከራና ሰውነት ከሚሰጠው ብርቱ ምላሽ ነው።

ወደ 1955 እንምጣ። በዚያ ዓመት በሮተርዳም አንድ ሰው በከባድ የሆድ ቁርጠት ታመመ። በአንጀቱ ውስጥ የተገኘው ያልተለመደ ትል ለምርመራ ወደ ጥገኛ ትሎች ሊቁ ፒት ቫን ቲል ዘንድ ሄደ። ቫን ቲል በላይደን የትሮፒካል ሕክምና ተቋም ይሠሩ የነበሩ ምሁር ነበሩ። ሌሎች ተመሳሳይ ሕመምተኞችም ተገኙ። ሐኪሞቹ ትርፍ አንጀት፣ የአንጀት መዘጋት ወይም ዕጢ ነው ብለው ሆድ ይከፍታሉ፤ የሚያገኙት ግን ያበጠና የቀላ አንጀት ነው። ፓቶሎጂስቱ ኩይፐርስ ተቆርጦ የወጣውን ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ሞልተውት አገኙ። እነዚህ ሕዋሳት ሰውነት ትልንና አለርጂን ሲዋጋ የሚበዙ ናቸው። በመካከላቸውም የትሉ ቁራጭ ይታይ ነበር።

ሕመምተኞቹን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ተፈለገ፤ ሁሉም ከመታመማቸው በፊት ቀላል ጨው የነካው ሄሪንግ በልተው ነበር። በ1960 ቫን ቲል፣ ኩይፐርስና ባልደረባቸው ሮስካም ግኝቱን በጋራ አሳተሙ። በዚያ ጽሑፍ ትሉ ዩስቶማ በሚባል ሌላ ስም ተጠርቶ ነበር። ቫን ቲል ምርመራውን አላቆሙም፤ በ1962 ትሉ አኒሳኪስ መሆኑን አረጋግጠው በሽታውን አኒሳኪያሲስ ብለው ሰየሙት። ሕመምተኛውን ያለ ምክንያት ሲያስቆርጥ የነበረ ሕመም ስም አገኘ።

ትሉ ከጥንትም ነበረ፤ ሄሪንጉም ከጥንትም ይበላ ነበር። ታዲያ በሽታው ለምን በዚያ ዘመን ጎልቶ ወጣ? የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች መልሱን በመርከቦቹ አሠራር ላይ አገኙት። ዓሣ አጥማጆቹ ሄሪንጉን ባሕር ላይ እንደያዙ ሆድ ዕቃውን ማውጣት ትተው በበረዶ እያቆዩ ወደ ወደብ ማምጣት ጀምረው ነበር። ዓሣው ከሞተ በኋላ ሆድ ዕቃው ሳይወጣ ሲያድር ከትሎቹ ከፊሎቹ ወደ ሥጋው ይዘልቃሉ። በረዶ ዓሣውን ከመበላሸት ይጠብቀዋል እንጂ ቅዝቃዜው ትሉን እስከ መግደል አይደርስም። በላተኛውም ጨው የበዛበትን ሄሪንግ ትቶ ለስለስ ያለውን ወደደ። የጥንቱ ቢላዋና የጥንቱ ጨው በአንድ ዘመን ተጓደሉ፤ ለምን እንደሚጠቅሙ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ሲቀሩም የደነገጠ አልነበረም።

ኔዘርላንዶች ባህላዊ ምግባቸውን አልከለከሉም። በሽታውን በመድኃኒት ለማከምም አልጠበቁም፤ ትሉ ከአፍ ከመድረሱ በፊት እንዲሞት አሰቡ። በ1968 የወጣው ደንብ ጥሬውን ወይም በቀላል ጨው ብቻ የሚበላ ሄሪንግ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲበርድ አዘዘ። ሄሪንግ ቅባታም ስለሆነ ማቀዝቀዙ ጣዕሙን አይጎዳውም። ደንቡ ከወጣ በኋላ በኔዘርላንድ በሽታው ከነአካቴው ለመጥፋት ተቃረበ። ሕዝቡም እስከ ዛሬ በየሰኔው ጥሬውን ሄሪንግ በደስታ ይበላል።

የላይደኑና የሮተርዳሙ ዜና በዓለም ከማንም በላይ ጥሬ የባሕር ዓሣ በሚበላበት በጃፓን ትልቅ ትኩረት ሳበ። የጃፓን ፓቶሎጂስቶች ከጨጓራና ከአንጀት ተቆርጠው በመዛግብት የተቀመጡ ናሙናዎችን እንደገና ማየት ጀመሩ። በ1965 አሳሚና ባልደረቦቻቸው ከጃፓናውያን ጨጓራ የወጡ፣ አኒሳኪስ መሰል እጭ ያስከተላቸው ሁለት እብጠቶችን ይፋ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ሪፖርቱ ጎረፈ። በጨጓራ ካንሰር ጥርጣሬ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ብዙ ሕመምተኞች የዓሣ ትል ሰለባ መሆናቸው ተገለጠ።

የጃፓን መንገድ ከኔዘርላንድ ተለየ። ሱሺና ሳሺሚ የሚባሉት የጥሬ ዓሣ ምግቦች የሚለኩት በትኩስነታቸው ስለሆነ ዓሣን ሁሉ በግዴታ ማቀዝቀዝ ተቀባይነት አላገኘም። በምትኩ ሐኪሞቹ ሕክምናውን አሻሻሉ። በ1970 ናሚኪና ባልደረቦቻቸው ተጣጣፊውን የኢንዶስኮፒ ቱቦ በጉሮሮ ወደ ጨጓራ አስገብተው ትሉን በዓይናቸው እያዩ በትንሽ መቆንጠጫ ነቅለው አወጡት። ሕመምተኛው ሌሊት በጨጓራ ቁርጠት ሲሠቃይ አድሮ ትሉ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እፎይ ይላል። ሆድ የሚከፍተው ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው ቀረ።

ጃፓናውያን ብዙ የቆዩ እምነቶችንም ፈትሸዋል። ሳባ የሚሉት ማከሬል በጨውና በኮምጣጤ ከታሸ በኋላ ይበላል፤ ኮምጣጤው ግን ትሉን አይገድለውም። ዋሳቢ የሚባለው የሚያቃጥል ቅመምም ሆነ የሶያ መረቅ በሚበላው መጠን ትሉን አይጎዳውም። ከእነዚህ ይልቅ ጥበቡ በሰሜናዊቷ ደሴት በሆካይዶ ነበር። በዚያ የሚኖሩት የአይኑ ሕዝቦች ሳልመንን በክረምቱ ውርጭ ደጅ አቆይተው ድንጋይ እስኪሆን ያበርዱትና በከፊል እንደቀዘቀዘ እየከተፉ ይበሉታል፤ ምግቡ ሩይቤ ይባላል። የኔዘርላንድ ሕግ በ1968 ያዘዘውን የአይኑ እናቶች በብርዳቸው ሲሠሩት ኖረዋል።

ሌሎች ጃፓናውያን ግን በባሕራቸው የሚያዘውን ሳልመን ጥሬውን አይበሉም ነበር፤ ትል እንዳለበት ያውቃሉና። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኖርዌይ በእርባታ ያደገ የአትላንቲክ ሳልመኗን ለጃፓን ገበያ ይዛ ስትቀርብ የገጠማት ዋና ፈተና ይህ እምነት ነበር። የኖርዌይ ሳልመን በመረብ አጥር ውስጥ ሆኖ ተዘጋጅቶ የደረቀ መኖ ስለሚበላ ክሪልና ትንንሽ ዓሣ የመብላት ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ይቋረጣል። ገበያውን ለማሳመን ዓመታት ፈጀ። ዛሬ በዓለም ሁሉ ከሱሺ ጋር የሚታወቀው ብርቱካናማ ሳልመን የመጣው ከዚህ ጥረት ነው።

በ1987 በጋ የአኒሳኪስ ታሪክ በጀርመን ወደ ድንጋጤ ተለወጠ። ሞኒተር የተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት በዓሣ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ትሎችን ለሕዝብ አሳየ። ከማግስቱ ጀምሮ ሰዎች ዓሣ መግዛት አቆሙ፤ የዓሣ ነጋዴዎችና ፋብሪካዎች ከባድ ኪሳራ ደረሰባቸው። ትሉ በዚያ ሳምንት አልተፈጠረም፤ ለሕዝቡ አስቀድሞ በረጋ ቋንቋ የነገረው ግን አልነበረም። መንግሥት በቀጣዩ ዓመት ጥብቅ የዓሣ ደንብ አወጣ። በ1991 የአውሮፓ ማኅበረሰብ ጥሬያቸውን ወይም እንደ ጥሬ የሚበሉ ዓሦች እንዲበርዱ የሚያዝ መመሪያ ለአባል አገሮቹ ሁሉ አጸደቀ። የኔዘርላንዶች የ24 ሰዓት ልክ የአህጉር ሕግ ሆነ።

1990ዎቹ ሌላ ገጽ ከፈቱ። በ1990 የጃፓን ተመራማሪዎች ማከሬል በልተው ሰውነታቸው እንደ ሳማ የሚለበልባቸው ብዙ ሰዎች አለርጂያቸው ከዓሣው ሳይሆን ከትሉ መሆኑን አሳዩ። በ1995 በሰሜን ስፔን በባስክ ምድር የሚሠሩት አውዲካናና ባልደረቦቻቸው ከዚህ የከፋውን ዘገቡ፤ ሕመምተኛው ትንፋሽ የሚያሳጣና የደም ግፊትን የሚጥል የአለርጂ ድንጋጤ በተደጋጋሚ ደርሶበት ነበር። ይህ ግኝት ነገሩን አወሳሰበው። ማብሰልና ማቀዝቀዝ ትሉን ይገድላሉ፤ ነገር ግን ከትሉ ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ሙቀትን ስለሚቋቋሙ ሰውነቱ አንድ ጊዜ የተቆጣ ሰው በሞተ ትልም ሊታመም ይችላል። በኮምጣጤ የተነከረ አንቾቪ የሚባል ትንሽ ዓሣ በምትወደው በስፔን መንግሥት በ2006 ባወጣው አዋጅ ምግብ ቤቶች ጥሬውን ወይም ጥሬ ቀመስ አድርገው የሚያቀርቡትን ዓሣ እንዲያበርዱ አስገደደ።

በ2010 የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን የሳይንቲስቶቹን ውሳኔ አቀረበ። ከባሕር የሚያዝ የዱር ዓሣ ሁሉ፣ ጥሬውን ወይም ከፊል ጥሬውን የሚበላ ከሆነ፣ ትል ሊኖርበት እንደሚችል መታሰብ አለበት፤ ከአኒሳኪስ ነፃ ነው ሊባል የሚችል የማጥመጃ ባሕር የለም። መኖ እየበላ በእርባታ ያደገ የአትላንቲክ ሳልመን ግን ሥጋቱ እጅግ ዝቅተኛ ነው።

በዚህ መካከል ባሕሩ ራሱ እየተለወጠ ነበር። በ2020 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዓለም ዙሪያ የታተሙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲያሰሉ ከ1978 እስከ 2015 ባለው ጊዜ በዓሣና በሌሎች የባሕር ፍጥረታት ውስጥ የሚገኘው አኒሳኪስ በአማካይ 283 እጥፍ መጨመሩን አገኙ። በ2024 ደግሞ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ከ1979 እስከ 2021 የታሸጉ 178 የአላስካ ሳልመን ቆርቆሮዎችን ከፍተው በየሥጋው የቀሩትን የሞቱ ትሎች ቆጠሩ። ከአራቱ የሳልመን ዓይነቶች በሁለቱ ትሉ በዓመታት ውስጥ እየበዛ መጥቷል፤ በሁለቱ ግን ለውጥ አልታየም።

ለጭማሪው አንዱ ሊሆን የሚችል ምክንያት የምሥራች ነው። አሜሪካ በ1972 የባሕር አጥቢዎችን የሚጠብቅ ሕግ አወጣች፤ ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽንም በ1982 የወሰነው የንግድ አደን እገዳ በ1986 ሥራ ላይ ዋለ። ሊጠፉ ተቃርበው የነበሩ ዓሣ ነባሪዎች በብዙ ባሕሮች እያገገሙ ነው። ማደሪያው ሲበዛ ትሉም ይበዛል። ከክሪል እስከ ዓሣ ነባሪ ያለው ሰንሰለት ሳይሟላ አኒሳኪስ ሊኖር አይችልምና በዓሣ ውስጥ መገኘቱ የባሕሩን በሕይወት መኖር ጭምር ይናገራል። ስለዚህ መፍትሔው እንስሳቱን መግደል ወይም ባሕሩን መውቀስ ሊሆን አይችልም፤ ያለን ሥልጣን በገዛ ማዕዳችን ላይ ነው።

ጃፓን ዛሬም የበሽታው ቀዳሚ አገር ናት። ሕጓ በ2010ዎቹ መጀመሪያ አኒሳኪስን በስሙ ለይቶ ሪፖርት ከሚደረጉ የምግብ ወለድ መመረዝ ምክንያቶች ዘርዝሮታል፤ የጤና መድን መዛግብትን የተከተለ ግምትም በ2018 እና 2019 ሕመምተኞቹ በዓመት ወደ 20,000 እንደሚጠጉ አሳይቷል። በ2021 አንድ የጃፓን ዓሣ አቀናባሪ ድርጅት ከኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን ብርቱ የኤሌክትሪክ ሞገድ በዓሣው ሥጋ ውስጥ አሳልፎ ትሉን የሚገድል መሣሪያ አስተዋወቀ፤ ዓላማው ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ትኩስነቱን እንዲጠብቅ ነው። የሁለቱን አገሮች ታሪክ ጎን ለጎን ያየ ሰው ፍርዱን ማግኘት አይቸግረውም። ጃፓን ድንቅ ሐኪሞች አፈራች፤ ሕመምተኛው ግን አልቀነሰላትም። ኔዘርላንድ አንድ ቀላል ደንብ አውጥታ ሕመምተኛውን ከሆስፒታል በር አስቀረችው።

ይህ ጉዳይ የእኛም የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው። በሐይቆቻችን ውስጥ አኒሳኪስ የለም፤ ዓሣ ነባሪ በሌለበት ሊኖር አይችልም። የቅርብ ዘመዱ ኮንትራሴከም ግን ዓሣ በሚበሉ ወፎች ሆድ ውስጥ የሚያድግ ትል ሲሆን በጣና፣ በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቆች ዓሣ ላይ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ይህ ትል ሰውን ማጥቃቱ እምብዛም አይታይም፤ ቢሆንም በሐይቅ ዳር ጥሬ ዓሣ በዳጣ ለሚወድ ሰው ማወቁ ይበጀዋል። ሁለተኛው በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩትን ወገኖቻችንን ይመለከታል፤ በነዚያ ከተሞች ሱሺ የልጆች የዕለት ምግብ እስከ መሆን ደርሷል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ዓሣን አትፍራ፤ ሥርዓቱን ግን ጠብቅ። የባሕር ዓሣ እቤትህ ስታበስል ውስጡ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስና ሥጋው እስኪነጣ ድረስ አብስለው። ጥሬውን መብላት ከፈለግህ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እንደሚመክረው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ለ7 ቀን የበረደውን ብላ፤ ብዙ የቤት ፍሪዘሮች ይህን ያህል ስለማይቀዘቅዙ በቴርሞሜትር አረጋግጥ። ሎሚ፣ አቼቶና ሚጥሚጣ ጣዕም ይሰጣሉ እንጂ ትል አይገድሉም። ሙሉ ዓሣ ከገዛህ ሆድ ዕቃውን ቶሎ አውጣ። ምግብ ቤት ስትገባ ጥሬው ዓሣ በርዶ እንደነበረ ጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር የለበትም። ጥሬ ዓሣ በበላህ በሰዓታት ውስጥ ጨጓራህን ብርቱ ቁርጠት ከያዘህ፣ ወይም ሰውነትህ አብጦ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ሳትዘገይ ሐኪም ዘንድ ሂድና ከሕመምህ በፊት የበላኸውን ተናገር። በሮተርዳም የበሽታውን ምንጭ ያሳወቀው ሕመምተኞቹ የበሉትን መጠየቃቸው ነበር።